አንዴ ታጥቦ መነሳት

ሸዋ ሮቢት
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፋዲላ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ፤ ዐፊያሽን አይንሳሽ፤ የላብሽን ሪዝቅ በበረካ ይሙላልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የልጆቼን እናት ሩቂያን እግሯን ያማት የነበረው ለቋታል። ማሾው ደርሶ ለቀማ ላይ ነን። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው፤ ጥቅምት ገብቶም ቀትር ላይ ከቤት አያስወጣም።

ናጅዋ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። በስምንተኛ ክፍል ፈተና ከትምህርት ቤቱ ሦስተኛ መውጣቷን ነግሬሽ ነበር። ልጅህ አክስቷን ነው የመሰለችው ይሉኛል፣ መልኳም ቁመቷም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የልጅቱ እጅ ተሰነጣጥቋል። በጣቶቿ መካከል ደም ያወጣል። ጠመኔው ይሆናል፣ ውሃውም ይሆናል፤ እኔ አላወቅኩም። እዚያ ጥሩ ቅባት አለ ይባላልና ሰው ስታገኚ ላኪልኝ። ለስላሳ ሳሙናም ጨምሪበት፤ በዚህ ቤት ሳሙና አይበረክትም።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስልክ ስይዝ ቃል እንደሚጠፋብኝ ስለምታውቂ ነው። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን ፎቶ አንስታ የምትልክልኝ ናጅዋ ነበረች። ይህንን ግን ኡበይድ ሱቅ ወስጄ ነው የማስልከው።

ወንድምሽ ካሚል


ጅዳ
ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት ወንድሜ ለጋሼ ካሚል፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ በአባታችን ፈንታ ሆነው ያሳደጉኝን ውለታ እሱ በጀነት ይክፈልልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አሠሪዎቼም ደህና ናቸው፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እንደ ሰው ይዘውኛል።

ቅባቱን ገዝቻለሁ። እዚህ የሚሠራው ሙዓዊያ በሚቀጥለው ሳምንት አገር ቤት ይገባል፤ ጀውሃ ቤተሰቦቹ ጋ ሲሄድ መንገዱ ስለሆነ ያደርስልዎታል። ሳሙናውን አልላክሁም።

ጋሼ፣ ጠመኔ አይመስለኝም። ቅር ካላለዎት የምጠይቅዎት አለ። ናጅዋ ለአንድ ሶላት ስንት ጊዜ ታጥባ ዉዱእ ታደርጋለች? ጨርሳ ከተነሳች በኋላ ደግሞ ትመለሳለች? ሶላቷን ጀምራ አፍርሳ እንደገና ትጀምራለች? ከግቢ ስትወጣ በሩን ዘግታ፣ ጥቂት ሄዳ፣ ተመልሳ ትነካዋለች? ማንም ያላያት ሲመስላት ታለቅሳለች?

ሌላ ሰው ሳይጠይቁ በራስዎ ዓይን አይተው ይጻፉልኝ። እስከዚያው አይቆጧት።

ታናሽ እህትዎ ፋዲላ


ሸዋ ሮቢት
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፋዲላ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ቅባቱ ደርሶናል፤ የላከው እጅ አይጉደልበት። ሦስት ወር አለፈ ሳልጽፍልሽ። መንገዱም ኔትወርኩም ተቋርጦ ነበር ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

የጠየቅሽኝን ሁሉ አየሁ። ሁሉም አለ። እዚያ ሆነሽ እንዴት አወቅሽው?

ለሱብሒ ሶላት ሳይነጋ ተነስታ ዉዱእ ትጀምራለች፤ ፀሐይ ወጥታ ወንድሞቿ ቁርስ ሲበሉ እሷ ገና እዚያው ናት። ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ ያጠራቀምነውን ጀሪካን ብቻዋን ትጨርሰዋለች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፋታል። የሒሳብ መምህሯ መምህር በላይ ቤታችን ድረስ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ለወቀሳ አልመጣም።

«ጋሽ ካሚል፣ ልጅቷ ሒሳቡን ታውቀዋለች» አለኝ። «ፈተና ላይ አጠገቧ ቆሜ አየኋት። ትክክለኛውን መልስ ጻፈች፣ በላጲስ አጠፋችው፣ ያንኑ መልሳ ጻፈችው፣ ደግሞ አጠፋችው። ስድስት ጊዜ። ወረቀቱ ተቀደደ። ከሃያው ጥያቄ የሠራችው አራቱን ነው።»

የክፍሏ ሴት ልጆች «ሳሙና» የሚል ስም አውጥተውላታል። አንዷ ነክታት ከሆነ ዕረፍት ላይ ወደ ውሃው ትሮጣለች፤ እነሱም እየሳቁ ይነካኳታል። ይህን የነገረኝም በላይ ነው፤ እሷ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።

አሁን የምጽፈውን ሩቂያ ታውቃለች፤ አንቺም እወቂው። አንድ ጠዋት ትዕግሥቴ አለቀ። «ይበቃል!» አልኳት። «አባ፣ ውሃው ክርኔ መድረሱን እርግጠኛ አይደለሁም» አለች። ጀሪካኑን ከእጇ ነጥቄ ውሃውን መሬት ላይ ደፋሁት። አላለቀሰችም። ባዶውን ጀሪካን አነሳችና ወደ ወንዙ ሄደች። ተከተልኳት። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ታያለች፣ ቅባቱ ላዩ ላይ አለ፣ ደሙም አለ። «ማቆም እፈልጋለሁ» አለችኝ። «እኔ እፈልጋለሁ፤ እጄ ነው እምቢ የሚለኝ።»

ዘመድ ሁሉ ጂን ነው ይላል። ከወዲያ ማዶ የሚያስለቅቅ ሰው አለ አሉኝ፤ ሰባት ቀን እሱ ጋ ማደር አለባት ይላሉ። እንግዲህ ቅባቱ ይቅር፤ ዘምዘም ላኪልኝ። ለሰውየው የሚሰጥም ነገር ካለሽ አግዢኝ። እስኪሻላት ድረስ ከትምህርት ቤት ላስቀራት ነው፤ መሳቂያ ከምትሆን ቤቷ ትቀመጥ።

ወንድምሽ ካሚል


ጅዳ
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ካሚል፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ሰላምታዬ ስላጠረ ፍቅሬ ያጠረ አይምሰልህ። ይህንን «አንቱ» እያልኩ መጻፍ አልሆነልኝም፤ ለዛሬ «አንተ» ልበልህ።

ናጅዋን ከትምህርት ቤት አታስቀራት።

እንዴት አወቅሽው አልከኝ። ስምንተኛ ክፍል የገባሁ ጊዜ ጀውሃ ወንዝ ዳር እንዴት እቆይ እንደነበር ታስታውሳለህ? ውሃ ልቅዳ ብዬ በጠዋት ወጥቼ ፀሐዩ ሲከር ነበር የምመለሰው። ከወንድ ጋር ትገናኛለች ብለው ነገሩህ። ሁለት ጊዜ መታኸኝ። በሦስተኛው ደብተሮቼን ሰብስበህ ሣጥን ውስጥ ቆለፍክባቸው፤ እኔም ቤት ዋልኩ።

ከወንድ ጋር አልነበርኩም። እየታጠብኩ ነበር። እግሬን ታጥቤ ስነሳ «አልጠራሽም» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። አልጠራሽምና ዛሬ ወንድምሽን መኪና ይገጨዋል ይለኛል። ያኔ አስፋልቱ ዳር ጭነት እያራገፍክ ነበር የምታበላን። አንተን መኪና እንዳይገጭህ ነበር የምታጠበው። ይህን ብነግርህ ማን ያምነኝ ነበር? እኔ ራሴ አበድኩ ብዬ ነበር የማስበው።

ከአራት ዓመት በፊት እመቤቴ ምድጃውን ዘግቼ ስንት ጊዜ እንደምመለስ አየችና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ ግብፃዊት ናት። እኔ መናገር ጀምሬ አፍሬ ያቆምኩትን እሷ ጨረሰችልኝ። ስም አለው፣ ኦሲዲ ይሉታል። የማይፈልጉት ሐሳብ ይጣበቅና አልለቅ ይላል፤ ሰው ሐሳቡን ለማባረር ይታጠባል፣ ይቆጥራል፣ ይመላለሳል። ለጥቂት ጊዜ ይቀልለዋል፤ ከዚያ ብሶበት ይመጣል። ብዙውን ሰው የሚጀምረው በልጅነቱ ወይም በናጅዋ ዕድሜ ነው አለችኝ። ሕመም ነው ጋሼ። ብልግና አይደለም፤ የኢማን ማነስም አይደለም። ይታከማል። እኔ ታክሜ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ዘምዘሙን እልካለሁ፤ ጠጡት፣ ዱዓ አድርጉበት። ለሰውየው ግን ምንም አልልክም። ጂን አለብሽ ከተባለች ያ የሚያስፈራት ሐሳብ እውነት ይመስላታል። መጀመሪያ ሸኽ ኸድርን ስለ ወስዋስ፣ ስለዚህ አልለቅ ስለሚል ጥርጣሬ፣ ጠይቃቸው፤ ዲናችን የሚለውን ከሳቸው አፍ ትስማ። ከዚያ የአእምሮ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ውሰዳት።

ፋዲላ


ጅዳ
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት ወንድሜ ለጋሼ ካሚል፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንኳን ለዒድ አደረሳችሁ፤ አላህ ጾማችሁን ይቀበል።

ሁለት ወር ሆነ። ዒዱን ለሩቂያ ደውዬ ነበር፤ «ደህና ነን፣ እሱ ይጽፍልሻል» ብላ ዘጋችው። ከኋላዋ ድምፅዎን ሰምቻለሁ።

የጻፍኩት አስቀይሞዎት ከሆነ በአነጋገሬ ይቀየሙኝ። አልጻፍኩትም ግን አልልም። ስለ ናጅዋ አንድ መስመር ብቻ ይላኩልኝ፤ ትምህርት ቤት ትሄዳለች ወይስ ቀርታለች?

ፋዲላ


ሸዋ ሮቢት
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፋዲላ፣

ወዐለይኪ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ፤ የልብሽን ይሙላልሽ።

ትሄዳለች። እሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አንድ ቀን አላስቀረኋትም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሽንኩርት ውሃ ሳጠጣ ነበር። ውሃው ቦዩን ሞልቶ የጎረቤት ማሳ እስኪገባ አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ መልስ ልጽፍልሽ ስቀመጥ አልሆነልኝም። አንድ መስመር ጽፌ እቀደዋለሁ። ሌላ ጀምሬ እቀደዋለሁ። አንድ ቀን ናጅዋ አጠገቤ ቆማ አየችኝና «አባ፣ አንተንም ያዘህ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከስንት ወር በኋላ መሆኑን አላህ ይወቅ።

ፋዲላ፣ የመታሁሽን አልረሳሁም። የመታሁበትን ምክንያት እንጂ አንቺን መጠየቅ እንደነበረብኝ አስቤ አላውቅም። እኔን ለማዳን ታጥበሽ በኔ እጅ ተመታሽ። አውፍ በይኝ። ‹አንተ› ያልሽኝንም ወድጄዋለሁ፤ እንደዚያው በይኝ።

ያደረግነውን ልንገርሽ። ሸኽ ኸድር ዘንድ ወሰድኳት። ፊታቸው አስቀምጠው «ልጄ፣ ዉዱእሽን ጨርሰሽ ከተነሳሽ በኋላ ጥርጣሬ ሲመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት።

«እደግመዋለሁ።»

«አትድገሚው። በእርግጠኝነት የያዝሽው ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም። ይህን እኔ አይደለሁም ያመጣሁት፤ ከጥንት ዑለማዎቹ የተናገሩት ነው። ወስዋስ የበዛበት ሰው ጥርጣሬውን ትቶ ይሂድ ተብሏል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሐኪምም አሳያት፤ አላህ በሽታን ከነመድኃኒቱ ነው ያወረደው» አሉኝ።

ጾሙ ሳይገባ ደብረ ብርሃን ወጣን። ብርዱ አያድርስ ነው። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት ያየቻት፤ ሜሮን ትባላለች። ከናጅዋ ጋር ብቻዋን ብዙ ቆየች፤ ከዚያ እኔን ጠራችኝ። «ናጅዋ የነገረችኝን ራሷ ልትነግርዎት ትፈልጋለች» አለች። ናጅዋ መሬት መሬት እያየች «በደንብ ካልታጠብኩ እናቴ ትሞታለች የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል» አለችኝ። ከክፍሉ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ቆሜ ስላንቺ ነበር የማስበው።

ኪኒን ተሰጣት፤ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል አሉን። ትልቁ ግን ልምምዱ ነው። ከቀላል እስከ ከባድ የሚያስፈሯትን ነገሮች ደብተር ላይ ጻፈች። አንዱን ነክታ ሳትታጠብ ትቀመጣለች። ጭንቀቱ እንደ ወንዝ ሙላት መጥቶ፣ ሞልቶ፣ ራሱ ይጎድላል፤ ይህንን ማየት አለባት አለች ሜሮን። በምግብ ሰዓትና ከሽንት ቤት ስትወጣ እንደ ማንኛውም ሰው አንዴ ትታጠባለች፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ለኔም ሥራ ተሰጠኝ። «አባ፣ ጠርቻለሁ?» ስትለኝ እንዳልመልስ። «አዎ ባሏት ቁጥር ነገ አሥር ጊዜ ትጠይቅዎታለች» አለችኝ።

ፋዲላ፣ ጭነት ማራገፍ ከዚህ ይቀላል። የመጀመሪያው ዓርብ ዉዱእ አንዴ አድርጋ ተነሳች። መጣችና «አባ፣ ጠርቻለሁ?» አለች። ዝም አልኩ። «አንድ ቃል ብቻ፣ አባ።» ሩቂያ መቋቋም አቅቷት ወጣች። «አልመልስልሽም፤ አብሬሽ ግን እቀመጣለሁ» አልኳት። ተቀመጥን። ላብ አጠመቃት። የጓሮው ዛፍ ጥላ ዞሮ ግድግዳው ሥር እስኪደርስ አልተነሳንም። ከዚያ ቀና አለችና በቀስታ «ቀነሰ» አለችኝ። «ሳልታጠብ ቀነሰ፣ አባ።»

ገና ነው። ግን ትናንት ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደርሳለች።

ወንድምሽ ካሚል


ጅዳ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ካሚል፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ልቤን እንዳሳረፍክልኝ አላህ ልብህን ያሳርፍልህ።

አውፍ ብዬሃለሁ። ተቆጥቼ አላውቅም ብዬ አልዋሽህም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቆጥቻለሁ፤ የሰው ቤት መስኮት ስወለውል፣ የሰው ልጆች ደብተር ስሰበስብ። ደብዳቤህን ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩትና ሄጄ ተኛሁ፤ ሳልነቃ ነጋ።

መመለስ ይኖራል፤ አትደንግጥ። ደህና ሆና ከርማ አንድ ሳምንት እንደ ድሮዋ ትሆናለች። እኔም በቀደም ምድጃው ጋ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ወደቀች ማለት አይደለም። ብቻ ኪኒኑን ደህና ሆንኩ ብላ በራሷ እንዳታቆም።

እስከ ዛሬ ጠያቂው አንተ ነበርክ። አሁን እኔ ልለምንህ። እዚህ ሐበሾች ዓርብ ዓርብ የሚያስተምሩበት ክፍል አለ፤ እመቤቴም ፈቅዳልኛለች። ስምንተኛ ክፍል ለመመዝገብ የሰባተኛ ክፍል ካርድ አምጪ አሉኝ። ጀውሃ ትምህርት ቤት መዝገቡ ካለ ሄደህ ታስወጣልኛለህ? በሠላሳ አራት ዓመቷ ምን አስባ ነው ይሉኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

ፋዲላ


ሸዋ ሮቢት
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፋዲላ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የጀመርሽውን አላህ ያስጨርስሽ፤ ዕውቀቱን ያግራልሽ።

እንዳልሽው ግንቦት ላይ ተመለሰባት። የአረፋ ዝግጅት ላይ ቤቱ ሰው በሰው ሆነ፤ ትምህርት ቤት ተደብቃ ስትታጠብ ከረመች። ለሜሮን ደወልን። «ከደብተሩ ወደ ቀላሉ ትመለስና እንደገና ትውጣ» አለችን። ወጣች።

መምህር በላይ ፈተናዋን በእስክሪብቶ እንድትሠራ አደረገ፤ የሚጠፋ ነገር እንዳይኖር። የዓመቱ ማጠቃለያ ላይ ሁሉንም ጥያቄ ሠርታ ሰጠች። ስትወጣ ፊቷ ገርጥቶ ነበር። «አሥራ አራተኛው ላይ ጥርጣሬ አለኝ፤ ጥርጣሬዬን ይዤ ሰጠሁት» አለችኝ። ከክፍሏ አሥራ አንደኛ ወጣች። ድሮ ቢሆን እቆጣ ነበር፤ ዘንድሮ ፍየል አረድኩ።

ሌላም አለ። በትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ ላይ ቆማ ስለ ሕመሟ ተናገረች። ማንም አላስገደዳትም። «ሳሙና የምትሉኝ እኔ ነኝ፤ ለምን እንደምታጠብ ልንገራችሁ» ብላ ነው የጀመረችው። ሲያልቅ ሐያት የምትባል ልጅ ተከትላት ወጣች፤ ስም ካወጡላት አንዷ ነበረች። እሷም ለካ ልትተኛ ስትል የበሩን መቀርቀሪያ ሃያ ጊዜ ካልነካች እንቅልፍ የላትም። ባለፈው ሳምንት አባቷና እኔ ሁለቱን ይዘን ደብረ ብርሃን ወጣን።

ካርድሽን ላስወጣ ናጅዋን ይዤ ጀውሃ ሄድኩ። መዝገቡን አቧራ አራግፈው አወጡት። የሰባተኛ ክፍል ውጤትሽ አለ፤ ከአርባ ስምንት ተማሪ ሁለተኛ ነበርሽ። ይህን አላውቅም ነበር፤ ያኔ አልጠየቅኩሽም። የስምንተኛው ገጽ ላይ በቀይ «አቋርጣለች» ይላል። ምክንያት በሚለው ፊት ለፊት «ቤተሰብ ስለፈለጋት» ተብሎ ተጽፎ ከሥሩ ተፈርሟል።

ናጅዋ ጣቷን ፊርማው ላይ አድርጋ «ይህ የማን ነው?» አለችኝ።

«የኔ ነው» አልኳት። ወንዙንም፣ ምቱንም፣ የተቆለፈውን ሣጥንም ሁሉንም ነገርኳት። መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ ሥራዋን ትታ ትሰማ ነበር። ናጅዋ ጣቷን ከፊርማው አንስታ «ያኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረማ» አለች።

«ባላውቅም መጠየቅ እችል ነበር» አልኳት።

ለአረፋ የመጣው ሙዓዊያ ሐሙስ ወደዚያ ስለሚመለስ ካርዱን በሱ ልከንልሻል። ፖስታው ውስጥ የከተተችውም ያሸገችውም ናጅዋ ናት። ሙዓዊያ የተሳፈረበት ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ሳለ ፖስታውን ገልበጥ አድርጋ አየችና «አባ፣ ካርዱን ከትቼዋለሁ አይደል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ትንሽ ጠበቀች። «እሺ፣ አትመልስ» አለችና ለሙዓዊያ ሰጠችው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ባጃጁ ከሄደ በኋላ ከፍተን ባየነው ኖሮ ብዬ ስብሰለሰል የዋልኩት እኔ ነኝ። እሷ ከሐያት ጋር ማንጎ ልትገዛ ሄዳለች።

ወንድምሽ ካሚል